ቀዳዳውን ሳታገኙ ማሸጊያ አትጨምሩ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የመኪና ዘይትና ዕቃ ከሚሸጡት ሱቆች ወደ አንዱ ግቡና "ራዲያተሬ ውሃ እየቀነሰ አስቸገረኝ" በሉ። ሻጩ ተናግራችሁ ሳትጨርሱ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ያወርድላችኋል። "ይቺን ጨምርበት፣ ቀጥ ነው የምታደርገው።" ከየት እንደሚያፈስ የሚጠይቅ የለም። ኩላንቱ (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) መሬት ላይ ይንጠባጠብ፣ ሞተር ውስጥ ይግባ፣ በጭስ ማውጫ ይውጣ፣ ለሁሉም መድኃኒቱ ያቺው ጠርሙስ ናት።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚች ጠርሙስ ነው። አንዳንዱ ስቶፕ ሊክ ይላታል፣ አንዳንዱ ሲለር፣ አብዛኛው ሰው ግን በደፈናው ማሸጊያ ነው የሚላት። የሰፈር ልጆችም የሥራ ባልደረቦቼም በየጊዜው "ልጨምር ወይስ ልተው?" እያሉ ይጠይቁኛል። በስልክ ቆራርጦ ከማስረዳት አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ማሸጊያ ውሸት አይደለም። ይሠራል። የሚሠራው ግን ለአንድ ዓይነት ቀዳዳ ነው፤ ራዲያተሩ አካል ላይ ላለች የመርፌ ጫፍ ለምታህል ማፍሰሻ። እሱም ቢሆን ጋራዥ እስክትደርሱ ነው። ለቀረው ሁሉ ወይ አይጠቅምም ወይ ይጎዳል። ስለዚህ ጠርሙሷን ከመክፈታችሁ በፊት የሚያፈስበትን ቦታ በዓይናችሁ ማየት አለባችሁ። ካላያችሁ አትክፈቷት።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫ ዋጋ አልቀመስ አለ። አሁን እጃችን ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ልታገለግለን ነው። ሞተሯ ከነደደ በምን ይተካል? ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ያገለገለ ሞተር ዋጋ ጠይቁ፤ ስትመለሱ የራዲያተር ክዳን በየሳምንቱ ማየት ትጀምራላችሁ።

በዚያ ላይ ከፍታችን አለ። ይሄ ነገር በደንብ የተነገረ አይመስለኝም፤ ትንሽ ልቆይበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም። ክፍት ድስት ላይ ብትጥዱት 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። እንጦጦን አልፋችሁ ወደ ሱሉልታ የምትወጡበት ዳገት አናት ላይ ደግሞ ወደ 90 ይጠጋል። የብዙ መኪኖች ቴርሞስታት (ሙቀት ሲደርሰው ለኩላንቱ መንገድ የሚከፍተው ዕቃ) መከፈት የሚጀምረው 82 ወይም 88 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጤነኛ ሞተር ሲሠራ የሚውለውም 90 አካባቢና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ታዲያ ውሃው 92 ላይ የሚፈላ ከሆነ መኪናችን በየቀኑ ለምን አይፈላም?

መልሱ ያለው ራዲያተር ክዳኑ ላይ ነው። ብዙ የጃፓን መኪኖች ክዳን ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ክዳኑ አምቆ የሚይዘው የግፊት ልክ ነው። ግፊት ሲኖር ውሃ ቶሎ አይፈላም። በ0.9 ክዳን፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ንጹህ ውሃ እንኳ 114 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ይታገሣል። ኩላንት ከተቀላቀለበት ከዚያም ያልፋል።

ስለዚህ ቀዳዳ ሲኖር ውሃውም ግፊቱም ነው የሚሄደው። ሥርዓቱ ግፊት መያዝ ካቃተው ከ114 ወደ 92 ወረድን ማለት ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ሹፌር ይህችው ቀዳዳ ብትኖርበት ቢያንስ እስከ 100 ድረስ ፋታ አለው። እኛ ያችም የለችንም። "ትንሽ ነው የሚያፈሰው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ እየጨመርኩ እነዳዋለሁ" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

መርፌዋም ልታታልላችሁ ትችላለች። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የሙቀት መርፌ የምታነበው ኩላንት ውስጥ ከተነከረ ሴንሰር ነው። ኩላንቱ ከሴንሰሩ በታች ከወረደ መርፌዋ ልኩን አትናገርም። ሞተሩ እየነደደ እሷ መሃል ላይ ልትቆም ትችላለች፣ ጭራሽ ወደ ታች ልትወርድም ትችላለች። "መርፌው እኮ አልወጣም ነበር" እያሉ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣመሙ ሰዎች አሉ።

ወደ ጠርሙሷ እንመለስ። ውስጧ ያለው ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አሠራሩ ግን ይቀራረባል። ጥቃቅን ብናኞች ወይም ቃጫዎች ኩላንቱ ውስጥ ተንሳፍፈው ይዞራሉ። ቀዳዳ ጋ ሲደርሱ ግፊቱ ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። አፉ ላይ ይሰነቀራሉ፣ በላይ በላዩ ይደራረባሉ፣ ይደፍኑታል። አንዳንዱ ከዕፅዋት የተሠራ ነው፤ የተፈጨ ዝንጅብል የሚገባበት ሁሉ አለ። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሉሚኒየም ሞተር ለገጠመላቸው ካዲላኮች ኩላንቱ ውስጥ የማሸጊያ እንክብል እንዲጨመር ያዝዝ ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ በራሱ የመንደር ብልሃት አይደለም። ሌላው ዓይነት የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ብናኝ አለበት። ሦስተኛው ሶዲየም ሲሊኬት ነው፤ ሲግል ውሃውን እያጣ ወደ ጠጣር መስታወትነት የሚለወጥ ፈሳሽ። "ቴስታታ ሳይወርድ ይደፍናል" ተብለው በውድ ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ ይሄ አለባቸው።

ችግሩ ብናኙ ቀዳዳ መርጦ አይደፍንም። ጠባብ ቦታና ዝግ ያለ ፍሰት ካገኘ እዚያው ይቀመጣል። የዘመኑ ራዲያተር ቱቦዎች ጠፍጣፋ ናቸው፣ ውስጣቸው ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ከሆነ ደግሞ ቀድሞውኑ በዝገትና በነጭ ደለል ጠቧል። እዚያ ላይ ብናኝ መጨመር ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ገላን አካባቢ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚሠሩ አንድ አባት አሉ፣ ራዲያተር ሠሪ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጎረቤቴ ሚኒባሱ ዳገት ላይ ሙቀት እያበዛ ስላስቸገረው አብሬው ሄድኩ። የሚገርመው መኪናው ውሃ አያፈስም። ጠብ አይልም። ጎረቤቴ ፓምፕ ቀይሯል፣ ቴርሞስታት አስወልቋል፣ ለውጥ የለም። (ቴርሞስታት ማስወለቅ ራሱ መፍትሔ አይደለም። እዚህ ብርዳማ አገር ውስጥ ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል። በየጋራዡ እንደ ልማድ ተይዟል፤ ቢቀር ደስ ይለኛል።)

ጋሼ ራዲያተሩን አስወረዱ። አሮጌ የመዳብ ራዲያተር ስለነበር የላይኛውን ታንክ በእሳት እያሞቁ ብየዳውን ለቀቁት። ታንኩ ተነሳ። ከሥሩ የቱቦዎቹ አፍ በረድፍ መታየት ነበረበት። ከግማሽ በላዩ የለም። አፋቸው ቡናማና ግራጫ በሆነ ነገር ተለስኗል። ጋሼ በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ላዩ ለስላሳ ጭቃ ነው፣ ሥሩ ድንጋይ። ቀጭን የብረት ዘንግ አነሱና አንዱ ቱቦ ውስጥ ሰደዱት። ትንሽ ገባና ቆመ። በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉት፤ አልሄደም። ሌላውን ሞከሩ። እሱም ቆመ።

"ይሄ ማሸጊያ ነው" አሉ። "ስንት ጠርሙስ ነው የጨመርክበት ልጄ?"

"እኔ ምንም አልጨመርኩም ጋሼ። ከገዛሁት ገና ዓመት አልሞላውም።"

"እንግዲያው የሸጠልህ ሰው ነው።" ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "ማፍሰሱን አቁሟል። ማቀዝቀዙንም አቁሟል።"

ነገሩ ይኸው ነው። ቀዳዳው ተደፍኗል፣ አብሮት ራዲያተሩም ተደፍኗል። ሜዳ ላይ በቀሩት ቱቦዎች እንደምንም ይሄዳል፤ ሰው ጭኖ ዳገት ሲይዝ ግን ሙቀቱን ማውጣት አይችልም። ጎረቤቴ ራዲያተሩን በሌላ ለወጠ፣ ሥርዓቱን ሁለመናውን አሳጠበ። ማሸጊያው ለቀድሞው ባለቤት ጥቂት ብር አተረፈለት፣ ዕዳው ወደ ጎረቤቴ ዞረ።

ራዲያተሩ ብቻ አይደለም የሚጠቃው። ጋቢና ውስጥ ሙቅ አየር የሚያወጣው ማሞቂያ የራሱ ትንሽ ራዲያተር አለው፣ ቱቦዎቹም ጠባብ ናቸው። ቶሎ የሚደፈነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። "ማሞቂያ ለአዲስ አበባ ምን ያደርጋል?" እንዳትሉ። ነሐሴ ላይ በጠዋት ዝናብ እየዘነበ የፊት መስታወታችሁ በጉም ሲሸፈን፣ ከፊታችሁ ሲኖትራክ እየሄደ፣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

እሺ፣ የሚያፈስበት ቦታ እንዴት ይገኛል?

ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ ጀምሩ። ትኩስ ሞተር ላይ ክዳን በጭራሽ አይከፈትም። ውስጥ ያለው ከ100 ዲግሪ በላይ የሆነ በግፊት የታመቀ ፈሳሽ ነው፤ ክዳኑ ላላ ሲል ባንዴ ፈልቶ ፊታችሁ ላይ ነው የሚወጣው። ጨርቅ ጣል አድርጎ መክፈት አያድንም። ጠብቁ። የላይኛውን የጎማ ቱቦ በእጃችሁ ስትይዙት በርዶ ለስለስ ካለ ያኔ ክፈቱ።

ኮፈኑን ከፍታችሁ በባትሪ መብራት እዩ። ኩላንት ያፈሰሰበት ቦታ ሲደርቅ ምልክት ይተዋል። አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም ነጭ ቅርፊት ነው። መጀመሪያ የማኒኮቶዎቹን ጫፍ ተመልከቱ፣ ጎማው ቱቦ ከራዲያተሩና ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበትን። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው፤ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ ጎማው ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ማሰሪያ ማጥበቅ በካቻቪቴ የሚያልቅ ሥራ ነው። የተሰነጠቀ ጎማ ግን ይቀየራል፤ ማሸጊያ አይይዘውም። ጎማው ሞተሩ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሸበሸባል፣ የተሰነቀረው ብናኝ ይወድቃል።

ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ሆን ተብላ ነው የተሠራችው። ውስጥ ያለው የፓምፑ ማኅተም ሲያልቅ የሚያልፈው ኩላንት ወደ ኩሽኔታው (የፓምፑ ዘንግ ወደሚሽከረከርበት ክፍል) እንዳይሄድ በእሷ በኩል ይወጣል። ከዚያች ቀዳዳ ጠብ ጠብ ካለ ፓምፑ "ቀይሩኝ" እያላችሁ ነው። ማሸጊያ ያለቀ ማኅተም አያድስም። እንደ አጋጣሚ ያቺን መውጫ ቀዳዳ ከደፈናት ደግሞ ውሃው ኩሽኔታውን ይበላዋል፣ አንድ ቀን ፓምፑ መንገድ ላይ ይቆማል።

የዛሬ ዘመን ራዲያተር መሃሉ አሉሚኒየም፣ ላይና ታቹ ወይም ግራና ቀኙ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል። ከአሉሚኒየሙ ጋር የተጣጠፈበት መስመር ላይም ጎማው ይደርቅና ያልባል። ይህም በማሸጊያ አይድንም። ስንጥቁ በየቀኑ ይረዝማል፤ በአንዱ ዳገት ላይ ይተረተራል።

ክዳኑን ራሱን አትርሱ። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊት አይዝም፣ ውሃ በየት እንደሚሄድ ሳታውቁት ይቀንሳል። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው። ስትገዙ ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። 0.9 የነበረውን "ጠንካራ ይሻላል" ብሎ በ1.1 መቀየር ያረጁ ቱቦዎችን መፈተን ነው።

መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ነገር ነገር የሚል ሽታ ካለ፣ ወይ ከፊት ወንበር ሥር ምንጣፉ ከረጠበ፣ የሚያፈሰው ማሞቂያው ነው።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ካላገኛችሁ ደህና መሣሪያ ያለው ጋራዥ ሂዱ። በእጅ የሚነፋ፣ ሰዓት ያለው የግፊት መለኪያ አለ። ክዳኑ ቦታ ላይ ይገጠምና እስከ ክዳኑ ቁጥር ድረስ ይነፋል። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሳይሞቅ፣ የሚያፈሰው ቦታ ራሱን ያሳያል። የመለኪያው መርፌ ቀስ እያለ ከወረደና ውጪ ምንም ጠብ ካላለ ግን ነገሩ ወደ ውስጥ ነው።

ወደ ውስጥ ማለት ብዙ ጊዜ የቴስታታ ጋስኬት ነው፤ በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል የሚገባው ስስ ንጣፍ። ምልክቶቹ ይታወቃሉ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከጭስ ማውጫው የማይቆም ነጭ ጢስ ይወጣል። በቀዝቃዛው ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተንቦቀቦቀ አያቆምም። ማኒኮቶው ገና ከተነሳ ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ ይሆናል። የዘይቱን መለኪያ ስትመዙ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ይመጣል። ይህን ያየ ሰው መኪናውን ያቁም። ማኪያቶ የመሰለው ዘይት ከዚያ በኋላ ለአንድ ኪሎ ሜትርም አያስተማምንም።

"ቴስታታ ማውረድ ውድ ስለሆነ በማሸጊያው ልሞክር" የሚሉ ሰዎችን አውቃለሁ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፣ ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ግን ይህን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ መንግሥት አሮጌ መኪኖችን ከመንገድ ለማስወጣት፣ መኪናውን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ ሰው ድጎማ ይሰጥ ነበር። የተረከቡት መኪኖች ዳግም እንዳይሠሩ ሞተራቸው መሞት ነበረበት። በምን ገደሉት? ዘይቱን አፈሰሱና በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት በውሃ አሟሙተው ጨመሩ። ሞተሩን በደቂቃ 2,000 ዙር ላይ አድርገው ተዉት። ብዙም ሳይቆይ ተጣብቆ ይቆማል። ያው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ። ጋስኬታችሁ ኩላንቱን ወደ ዘይት እያሳለፈ ከሆነ ኩላንቱ ውስጥ የጨመራችሁት ሁሉ ዘይት ውስጥ ይገባል። እዚያ ደግሞ ያሉት በስስ የዘይት ሽፋን ላይ የሚሽከረከሩት ብረቶች ናቸው።

መቼ ነው እንግዲህ ልክ የሚሆነው? አንድ ሁኔታ ልንገራችሁ። በጎጃም መንገድ ወደ አገር ቤት እየሄዳችሁ ነው። ሙከ ጡሪ ላይ ሊመሽ ነው። ራዲያተሩ ፊት ለፊት ጠጠር መትቶት ከአሉሚኒየሙ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ ይረጫል። ቀዳዳዋ ትታያችኋለች። ማኒኮቶው ደህና ነው፣ ዘይቱ ንጹህ ነው። ያኔ ማሸጊያ ጨምሩ፣ እኔም እጨምራለሁ። ፍቼ ያደርሳል። ፍቼ ከደረሳችሁ ግን እዚያው አሠሩ። በማሸጊያ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ መውረድ አይታሰብ። ቁልቁለቱ በከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፣ ታች ሙቀት ነው፣ ከዚያ ደጀን ድረስ ያንኑ ያህል መውጣት አለ። የመኪና ማቀዝቀዣ ሥርዓት ከዚህ የበለጠ የሚፈተንበት መንገድ ብዙ የለም።

ስትጨምሩ ሞተሩ ይብረድ። ጠርሙሷን በደንብ ናጧት፣ ሥሯ ይዘቅጣል። ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሩ፤ ሪዘርቭ ፕላስቲኩ (ትርፍ ኩላንት የሚጠራቀምበት ዕቃ) ውስጥ ከጨመራችሁት እዚያው ይቀራል። መጠኑን ጠርሙሷ ላይ አንብቡ። ትንሽ መኪና የሚይዘው ኩላንት ብዙ ጊዜ 5 ሊትር አካባቢ ነው፣ ጠርሙሷ ግን ለትልቅ መኪና የታሰበች ልትሆን ትችላለች። ካልያዘ ሁለተኛ ጠርሙስ መድገም የለም። አንዴ ያልያዘ ቀዳዳ ለማሸጊያ የሚሆን ቀዳዳ አይደለም። ከዚያ ሞተሩን በቁሙ አስነስታችሁ ተመልከቱት፣ ሳትቸኩሉ።

የድሮ ሹፌሮች እንቁላል ይሰብሩበት ነበር። ነጩ ሲበስል ቀዳዳው ላይ ይረጋል፤ ቁንዶ በርበሬ የሚጨምርም ነበር። በዚያ ዘመን ራዲያተሩ ሰፋፊ ቱቦ ያለው መዳብ ነበር፣ በኋላም ተፈትቶ በዘንግ ይጸዳ ነበር። ዛሬ ያንን በቀጭን አሉሚኒየም ላይ መድገም ራዲያተሩን መጣል ነው። ሽታውም ለወራት አይለቅም።

ማሸጊያ የገባበት ሥርዓት ጥገናው ሲያልቅ መታጠብ አለበት። አፍስሱ፣ በንጹህ ውሃ ሞልታችሁ አስነሱ፣ አብርዱ፣ ደግሞ አፍስሱ፤ የሚወጣው እስኪጠራ። ሪዘርቩንም አውልቃችሁ እጠቡት። ከዚያ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። የጉድጓድ ውሃ አትጨምሩ። በእኛ በኩል፣ ከአቃቂ እስከ ዱከም፣ ብዙ ቤት የሚጠቀመው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ጀበናችሁ ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት እዩት። ያው ነው ራዲያተሩ ውስጥ የሚቀመጠው። ባትሪ ላይ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ መጠቀም ይቻላል፣ አሲድ አለመሆኑን ግን ሻጩን አረጋግጡ። "እዚህ በረዶ የለም፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?" ለሚሉ ደግሞ ኩላንት ዝገት የሚከላከል ነገር አለው፣ የመፍያውን ሙቀትም ከፍ ያደርጋል። ከላይ ስለ 92 ዲግሪ ያወራነው እዚህ ይመጣል።

ያፈሰሳችሁትን ኩላንት ቦይ ውስጥ አትድፉ። ኤቲሊን ግላይኮል ይባላል፣ ጣፋጭ ነው፣ መርዝም ነው። ሕፃንና ውሻ ይጠጡታል። ከኛ ሰፈር ቦይ የሚወርደው አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ክዳን ባለው ጀሪካን ያዙትና አሮጌ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ይህ ይመለከታችኋል። ብዙዎቹ ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት በፈሳሽ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የሚጠቀሙት ኩላንትም የራሱ ዓይነት አለው። እዚያ ውስጥ ማሸጊያ በምንም ምክንያት አይገባም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ እሱም ያገለገለ መኪና ግዢ ነው። የሚያፈስ ራዲያተር ላይ ማሸጊያ ገልብጦ "ምንም የለበትም" ብሎ መሸጥ ማጭበርበር ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም። የሚገዛው ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን፣ ከዕቁብና ከዘመድ የተበደረውን ነው የሚያወጣው። ልጆቹን ይዞ ነው ዳገት የሚወጣው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ነው፤ ሆኖም ፍርድ ቤት ከመመላለስ ቀድሞ ማየት ይቀላል።

ልትገዙ ስትሄዱ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ እንዳይጠብቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። በቀዝቃዛው ክዳኑን አስከፍቱና የክዳኑን ሥር በጣታችሁ ጥረጉ። ቡናማ ጭቃ ወይም የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከያዘ ማሸጊያ ገብቶበታል። ሪዘርቭ ፕላስቲኩ ሥር የዘቀጠ ነገር ካለም እንደዚያው። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ሞተሩ ሲሞቅ የሚነፋው አየር መሞቁን እዩ። ቀጥላችሁ "ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ እንውጣበት" በሉ፣ ነዳጁን እናንተ ቻሉ። ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ብሎ መመለስ አይበቃም። ዳገቱን ጨርሳችሁ አናት ላይ ስትቆሙ ሞተሩን ሳታጠፉ ትንሽ አቆዩት፣ መርፌዋንም ሪዘርቩንም ተመልከቱ። ሻጩ ዳገቱን እምቢ ካለ፣ ወይ ክዳኑን አላስከፍትም ካለ፣ አመስግናችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።